ለላቀ የማሽከርከር ሥልጠናና ፈተና የሚሆን መኪና አመራረጥ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከለገጣፎ ደወለልኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የላቀውን ሥልጠና እኔ ዘንድ ሊጀምር ነው። «ጋሼ፣ በራሴ ቪትዝ ልምጣ ወይስ የወንድሜን ላንድክሩዘር ልዋስ?» አለኝ። «የቪትዝህ ጎማ መቼ ነው የተቀየረው?» ስለው ዝም አለ። «የፍሬን ሸራውስ?» አሁንም ዝም። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት በስልክ ያወራነውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ መልሱን ከመኪናው ስም ነው የሚጀምረው።

ሥልጠናው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አርቆ ማየትን፣ አደጋን ቀድሞ መገመትን፣ መንገድ ላይ ትክክለኛ ቦታ መያዝን ይለማመድበታል። ፍጥነት አስቀድሞ ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ለዚያ ፍጥነት የሚሆነው ማርሽ ይገባል፣ ነዳጅ መጨረሻ ላይ ይሰጣል። ይህ ቅደም ተከተል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተጀመረው የእንግሊዝ ፖሊስ የሾፌሮች ሥልጠና ነው። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመ የአሽከርካሪዎች ተቋም እስከ ዛሬ ተራውን ሰው በገዛ መኪናው ይፈትናል፤ ፈታኞቹም በፖሊስ የመንዳት ሥልጠና ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ናቸው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀው «ዲፌንሲቭ ድራይቪንግ» በሚል ስም ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች ሾፌር ሲቀጥሩ መንገድ ላይ አውጥተው የሚፈትኑትም ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ነው።

እንግዲህ ለዚህ የሚሆን መኪና ማለት ስህተታችሁን ሳይደብቅ የሚነግራችሁ መኪና ነው። ዋጋውና ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

1. የምትፈተኑበትን መኪና እወቁ

ሥራ ለማግኘት የምትሠለጥኑ ከሆነ ቀጣሪው በምን እንደሚፈትን ጠይቁ። ብዙ ድርጅት በማኑዋል ላንድክሩዘር ወይም በፒካፕ ነው የሚፈትነው። በቪትዝ አውቶማቲክ ሦስት ወር ተለማምዶ የፈተናው ዕለት ረጅሙን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ሲሰጡት ፍሪሲዮን ላይ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይቻለሁ። እንዲህ ላለ ፈተና ቢያንስ የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት ትምህርቶች በዚያው ዓይነት መኪና ውሰዱ።

ለራሳችሁና ለቤተሰባችሁ ደኅንነት ብላችሁ ከሆነ ግን መልሱ አጭር ነው፤ በየቀኑ የምትነዱትን መኪና ይዛችሁ ኑ። ልማዱ የተተከለው እዚያ መኪና ላይ ነው፤ መነቀልም ያለበት እዚያው ነው። ለወጣቱም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ የወንድሙ ላንድክሩዘር ይቅርና ቪትዙ ይመርመር።

2. ቆማችሁ ሳይሆን ተቀምጣችሁ መርምሩ

ደላላ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያሳያል። እናንተ መጀመሪያ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጀርባችሁን መደገፊያው ላይ አስጠግታችሁ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ትከሻችሁ ከመደገፊያው ሳይነሳ እጃችሁን ስትዘረጉ የእጃችሁ አንጓ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። በራሳችሁና በጣሪያው መካከል ቢያንስ አንድ ጭብጥ ይቅር። የወንበሩ ከፍታ የማይስተካከል ከሆነና አጭር ከሆናችሁ ትራስ ላይ አትቀመጡ፤ ኃይለኛ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። ሌላ መኪና ፈልጉ።

ቀጥሎ እይታ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶዎች ምን ያህል እንደሚጋርዱ ለማወቅ አንድ ሰው ከመኪናው ፊት ለፊት አሥር ሜትር ያህል ርቆ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጉ። የት ላይ እንደሚጠፋባችሁ ልብ በሉ። ቡራዩ ወይም ዓለም ገና መታጠፊያ ላይ የሚጠፋባችሁ ባጃጅ ወይም አህያ የምትነዳ ልጅ ያቺ ቦታ ላይ ናት።

እኛ አገር ሌላ ጣጣም አለ። ከጃፓን የቀኝ መሪ ሆነው ተሠርተው፣ ወደ እኛ ሳይደርሱ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ሁለት ነገር ይፈተሽ። ዝናብ መጥረጊያው ለቀኝ መሪ እንደተሠራ ከቀረ፣ የሚያጸዳው የተሳፋሪውን ፊት ነው፤ በእናንተ በኩል ምሰሶው ሥር ሰፊ ቦታ ሳይጠረግ ይቀራል። አንድ ሃይላንድ ውኃ መስታወቱ ላይ አፍስሱና መጥረጊያውን አስነሱት፤ ወዲያው ይታያችኋል። ሁለተኛው የፊት መብራት ነው። ሲመሽ መኪናውን ከግድግዳ አምስት ሜትር አርቃችሁ አቁሙና አጭሩን መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ከፍ ማለት አለበት፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ከፍ ያለው ብርሃን የመንገዱን ዳር ያሳየናል። ግድግዳው ላይ ከፍ ያለው በግራ በኩል ከሆነ፣ ያ መኪና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ ዓይን እየወጋ ነው የሚሄደው፤ የራሳችሁንም ዳር ጨለማ ያደርገዋል። መብራቱ ሙሉ በሙሉ ካልተቀየረ በቀር የማታ ትምህርት በዚህ መኪና አላስተምርም። መሪው ሲዛወር የአየር ከረጢቱ በትክክል ተመልሶ መገጠሙንም ጠይቁ፤ ቁልፍ ስትከፍቱ የከረጢቱ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራም፣ በርቶ ካልጠፋም ችግር አለ።

3. ፍሬን

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የፍሬን ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ እርገጡ፤ እየጠነከረ ይሄዳል። አሁን ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ፍሬን ማገዣው (የእግራችሁን ኃይል የሚያግዘው ዕቃ) ወይም የቫኪዩም ቱቦው አልሠራም ማለት ነው። ቀጥላችሁ ሞተሩ እየሠራ ለሠላሳ ሰከንድ አጥብቃችሁ ያዙት። እየሰመጠ ከሄደ ዘይት የሚያሾልክበት ቦታ አለ፤ ከመኪናው ውረዱ።

ይህን ፍተሻ እኛ አካባቢ አጥብቄ የምጠይቀው በምክንያት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬን ማገዣ ደግሞ የሚሠራው በውጪው አየር ግፊትና በሞተሩ ቫኪዩም መካከል ባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲያንስ እገዛውም ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ መኪና ቢሆንም እዚህ ትንሽ ጠንከር አድርጎ መርገጥን ይጠይቃል፤ የታመመ ማገዣ ያለው ደግሞ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው ተይዞ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው) ቢኖረው እመርጣለሁ። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ በርቶ መጥፋት አለበት። ገላጣና ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ፣ በፒስታ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ አንድ ጊዜ በኃይል እርገጡት። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ደንግጦ እግሩን ያነሳል። ከአንድ ነርስ ተማሪዬ ጋር ሰንዳፋ መውጫ ላይ ስንሠራው፣ የመጀመሪያውን ጊዜ «ጋሼ፣ ተሰበረ!» ብላ እግሯን አነሳች። «አልተሰበረም የኔ ልጅ፣ እየሠራልሽ ነው፤ ድገሚው» አልኳት። በአራተኛው መሪውን እያዞረች ያስቀመጥኩትን የካርቶን ሣጥን አለፈችው። አሮጌ ኤቢኤስ የሌለው መኪና ላይ ጎማው ተይዞ ስለሚንሸራተት መሪውም አይታዘዝም፤ በዚያ የሚሠለጥን ሰው ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ መልሶ መያዝን መማር አለበት። ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል።

4. ጎማ፣ የራሴን ስህተት ጨምሮ

በ2012 ዓ.ም. አራት ጎማ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ ጎን ላይ ያለውን አራት አኃዝ በጣቱ አሳየኝ፤ 0811 ይላል። «ጋሼ፣ ይኸው 2011 ነው፣ የአምና ዕቃ» አለኝ። ጎማው ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፣ ጥርሱም ሙሉ ነው፤ ከፈልኩና አስገጠምኩ። የዚያን ክረምት ጠዋት ከሱሉልታ እየወረድኩ፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ጭጋግም አለ፣ ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዬ ልክ ሳሙና እንደተቀባ ተንሸራቶ ከእነሱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። አንዷ ሸክሟን ጥላ ደረቷን ያዘች። ያ ፊት አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ጎማውን ሳስፈታ ነው የገባኝ። አራቱ አኃዝ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ ዓመቱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 0811 ማለት እ.ኤ.አ. የ2011 ስምንተኛ ሳምንት፣ በእኛ 2003 ዓ.ም. ነው። የዘጠኝ ዓመት ጎማ ነበር የገዛሁት። ልጁም የዋሸኝ አይመስለኝም፤ እሱም እንደኔው በእኛ አቆጣጠር አንብቦት ነው። ላስቲክ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መያዣው ግን ይጠፋል።

ስለዚህ ቁጥሩን ስታነቡ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በፈረንጅ ዓመት ቁጠሩ። ከስድስት ዓመት ያለፈውን እኔ ለሥልጠና አልቀበልም። የጥርሱ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በብዙ አገር ሕግ ጎማው አልቋል፤ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ለዝናብ 3 ሚሊ ሜትር ይኑረው እላለሁ። አራቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ መልካም ነው፤ ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ይመሳሰሉ። አየሩን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ፤ ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎሚስታው በልምድ «ለሁሉም 35» ቢላችሁ አትስሙት።

5. ጉልበት ምን ያህል ይበቃል

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ባለ 1,000 ሲሲው ቪትዝ ሲሠራ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ 55 ይወርዳል። አራት ሰው ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ደግሞ እንኳን ሲኖትራክ ሊቀድም የራሱን ትንፋሽ አይችልም።

ይህ ግን ለሥልጠና አያስቀረውም፤ እንዲያውም ደካማ ሞተር ጥሩ አስተማሪ ነው። ጉልበት ያለው መኪና ዘግይቶ የወሰነን ሾፌር ያድነዋል፣ ስህተቱንም ይሸፍንለታል። ቪትዝ አይሸፍንም። ሱሉልታ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ሆናችሁ ለመቅደም ስታስቡ፣ ቀጥ ያለውን መንገድ ቀድማችሁ ካላያችሁ፣ ማርሹን ቀድማችሁ ካላወረዳችሁ፣ ርቀቱን አስፍታችሁ ካልያዛችሁ አይሆንም። የላቀው ሥልጠናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኩርባ ውስጥ ገብተው ፍሬን የሚይዙ ተማሪዎቼን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የምላቸውም ለዚህ ነው።

ፍጥነት መንገዱ ላይ ከሁለትና ሦስት ሰው ጋር ብዙ የምትለማመዱ ከሆነ ግን 1,300 ሲሲና ከዚያ በላይ እመክራለሁ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ በ120 የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል፤ ስትገቡ ፍጥነታችሁን ከነሱ ጋር ማስተካከል የማይችል መኪና ለእናንተም ለኋለኛውም ሥጋት ነው። ኮሮላና ባለ 1,300 ሲሲው ያሪስ በዚህ በኩል ጥሩ ልክ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም ይገኛል።

6. ማኑዋል፣ አውቶማቲክ፣ ኤሌክትሪክ

ማኑዋል የበለጠ ያስተምራል፤ በዚህ አልከራከርም። የእጅና የእግር ቅንብራችሁ ልክ ካልሆነ መኪናው ወዲያው ይናጣል። አውቶማቲክ የምትነዱ ከሆነ ግን ለሥልጠናው ብላችሁ ማኑዋል አትግዙ። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛውን ማርሽ የምታስይዙበት ቦታ ይኑረው፤ ማንሻው ላይ ኤል፣ 2 ወይም ቢ የሚል ፊደል፣ ወይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ከሱሉልታ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸተዋል። በዜሮ ማርሽ መውረድማ ፈጽሞ አይታሰብም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የሚመጡ ተማሪዎች በዝተዋል። መኪናዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንሰውም። ከባትሪው የተነሳ ግን ክብደታቸው ብዙ ነው፣ ድምፅም የላቸውም፤ ገበያ አካባቢ እግረኛው አይሰማችሁም። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ራሱ የሚይዘው ፍሬን ደግሞ ልብ ይባል። ባትሪው መቶ በመቶ ተሞልቶ ከሆነ ያ ፍሬን ይቀንሳል ወይም አይሠራም፤ የሚገባው ኃይል የሚቀመጥበት ቦታ የለምና። ሱሉልታ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ቁልቁለቱን የሚጀምር ሰው የለመደውን መያዝ ያጣዋል። ከ80 እስከ 90 በመቶ ላይ አቁሙት።

የመስመር መጠበቂያና የመሳሰለው ረዳት ካለው በትምህርት ሰዓት ይጥፋ። ኤቢኤስና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ግን አይነካ።

7. መንገድ ላይ ሞክሩት

ቢያንስ አንድ ሰዓት ንዱት፤ አስፋልትም፣ ፒስታም፣ ዳገትም፣ ቁልቁለትም ይኑርበት። አያትና ለገጣፎ ዙሪያ ከሆናችሁ በሰንዳፋ መስመር፣ በምዕራብ በኩል ከሆናችሁ በሰበታ ወይም በሆለታ መስመር ይገኛል። ሜዳ ላይ በ60 እየሄዳችሁ መሪውን በቀላሉ ያዙት፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አላይመንት ወይም ፍሬን ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ የሚጎትተው ፍሬኑ ነው። ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚዘል ከሆነ ሾክ አብዞርበሩ አልቋል።

ከዚያ ግማሽ የተሞላ ሃይላንድ ከተሳፋሪው እግር ሥር አቁሙና ንዱ። ሃይላንዱ ሲወድቅ ማን እንደጣለው ለዩ። ቀስ አድርጋችሁ ፍሪሲዮን ስትለቁ እንኳ መኪናው የሚዘል ከሆነ ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ ወይም ፍሪሲዮኑ ነው፤ በዚያ መኪና ልስላሴን አትማሩም፣ አስጠግኑት። ሌላ ሰው ሲነዳው ቆሞ እናንተ ስትነዱት የሚወድቅ ከሆነ መኪናውን ተዉት፤ ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

8. ወረቀትና ትንንሽ ዕቃ

ቦሎው ያልታደሰ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ያለፈበት መኪና ላይ አስተማሪም ፈታኝም አይቀመጥም። የሰው መኪና ከሆነ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ሲነዳው ኢንሹራንሱ እንደሚሸፍን ውሉን አንብቡ፤ «ችግር የለም» በሚል የቃል መልስ አትርኩ። የአደጋ ምልክት ሦስት ማዕዘኑ፣ እሳት ማጥፊያው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታው፣ አየር ያለው ትርፍ ጎማና ክሪኩ ይኑር። ለላቀው ሥልጠና በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል አያስፈልግም፤ ፈቃድ አላችሁና። ለአስተማሪው ግን መስታወት ላይ የሚጣበቅ ትርፍ ስፖኪዮ ግዙ፤ እሱ ኋላውን ካላየ እናንተ ስፖኪዮ በማየታችሁ ወይም ባለማየታችሁ ምንም ሊላችሁ አይችልም።

9. ፈተናው ሲቃረብ

በመጨረሻው አንድ ወር ውስጥ መኪና አትቀይሩ። አዲስ የፍሬን ሸራ የሚገባ ከሆነ ከሳምንት በፊት ይግባ፤ ለመቀመጥ ትንሽ መንገድ ይፈልጋል። ዋዜማው ላይ መስታወቶቹን በውስጥ በኩል ጥረጉ፤ ከውጪ የታጠበ መኪና ውስጡ አቧራ ከሆነ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ምንም አታዩም። የሞተሩን ዘይትና የመጥረጊያውን ውኃ እዩ። መኪናው ጠዋት ከታጠበ፣ ወደ መፈተኛው ከመድረሳችሁ በፊት ማንም በሌለበት ቦታ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ንኩ፤ የረጠበ ፍሬን የመጀመሪያውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚይዘው።

የለገጣፎው ወጣት ቅዳሜ ይጀምራል። ጎማዎቹን አስለክቶ ነበር፤ ሁለቱ 1415 ይላሉ። ከመምጣቱ በፊት ይቀይራቸዋል፤ የፊት መብራቱንም ዛሬ ማታ ግድግዳ ላይ አብርቶ ፎቶ እንዲልክልኝ ተስማምተናል።